«ከ» የጎደለው ሰሌዳ

በአዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ራቅ ብሎ፣ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ቆሟል። ጫፉ ላይ ሦስት ክንፎችና አንድ ጭራ አለው። ከእግሩ ሥር ሰማያዊ ሰሌዳ ተተክሏል፤ በሰሌዳው ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደላት «የነፋስ ማመንጫ» ተብሎ ተጽፏል። መምህር መክብብን ለደም ግፊት የዳረገው ይህ ጽሑፍ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

«ነፋስ አያመነጭም!» ይል ነበር ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ዓሣ ሊበላ የመጣ እንግዳ ሁሉ እየሰማው። «ነፋስ የሚያመነጭ ቬንትሌተር ነው! ይህ ከነፋስ ነው የሚያመነጨው። ከ! ከነፋስ ኃይል ማመንጫ! ‹የ›ን አውጥቶ ‹ከ›ን ለማስገባት ቀለም አለቀባችሁ?»

እንግዶቹ የዓሣ ሾርባቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ።

እኔ ስለ ፊዚክስ ለመጻፍ የሚያበቃ ትምህርት የለኝም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባህል አዳራሽ አካባቢ ደብተርና እስክሪብቶ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያወቅኩትን ያህል ያወቅኩት ከእሱ ነው፤ ስህተት ከተገኘ ግን የእኔ ነው። «እሱ» ማለቴንም አንባቢ ይለፈኝ። ተማሪዎቹ የነበርን ሁሉ «ቲቸር መጣ» ማለት ለምዶብን፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላም አንቱታው አፋችን አልገባ ብሏል።

እኛ ያወጣንለት ስም «ቲቸር ከየት» ነበር። ክፍል ገብቶ ጤና ይስጥልኝ ሳይል ነው የሚጀምረው።

«አምፖሉ በራ። ኃይሉ ከየት መጣ?»

«ከግድግዳው፣ ቲቸር።»

«ግድግዳው ከየት አመጣው?»

«ከ… ከኋላው ካለው ክፍል።»

ያኔ ጠመኔውን ይወረውራል። «ከምንም የሚመጣ ነገር የለም!» ብሎ ይጮኻል። «አንዱ ጋ ከበዛ ሌላው ጋ ጎድሏል። ማን ጋ ጎደለ? ከየት መጣ? ይህን ሳትጠይቁ ከዚህ ክፍል የምትወጡ ከሆነ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

የተወለደው ይርጋለም ነው። አባቱ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ናፍጣ ባለቀ ቁጥር ሰዉ እህሉን እንደተሸከመ በር ላይ ቆሞ «ለእኔ ለአንድ ቁና እንኳ አዙሩልኝ እንጂ!» እያለ ይቆጣቸው እንደነበር ይናገራል። ንዴቱ ከዚያ ሳይጀምር አይቀርም። ባለቤቱ ሙሉጌጥ ደግሞ ከጎረቤት ስትጫወት፣ «ከእኔ ጋር ተጣልቶ አያውቅም» ትላለች፤ «ከዓለም ጋር ተጣልቶ ሳይጨርስ ተራው መቼ ደርሶኝ!»

ምሰሶው የተተከለው በፍቅርተ ምክንያት ነው። ፍቅርተ ዓሣ ነጋዴ ናት። ትምህርቷን ከማቋረጧ በፊት እሷም የእሱ ተማሪ ነበረች። ጠዋት ከጀልባ የምትቀበለውን ቆሮሶና አምባዛ ገፍፋ፣ ያልተሸጠውን ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጣለች። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ሣጥን ነው። ዓሣ ደግሞ አይጠብቅም። አንድ ቀን ቲቸር ሊገዛ ሲመጣ የተበላሸውን ለአባ ኮዳዎቹ ስትወረውር ደረሰ። እነዚያ ትልልቅ መላጣ አሞሮች ተሰልፈው ይቀበሏታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አላት።

«ደንበኞቼ ናቸው ቲቸር። ዋጋ አይከራከሩም።»

አልሳቀም። ሐይቁን አየ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ነፋሱ ከውሃው ላይ እየመጣ የሸራዎቹን ጫፍ ያራግብ ነበር። «ይሄ ሁሉ ጉልበት ፊትሽ ላይ እያለፈ አንቺ ዓሣ ትጥያለሽ!» ብሎ ተቆጣት። ሲቆጣ የሚቀጥለውን ነገር ራሱ ካልሠራው አይተኛም።

ክንፎቹንና ምሰሶውን የሠራው ሙክታር ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የብየዳ ቤት አለው። እኔም ከሱቄ ስወጣ አንዳንዴ እዚያ እሄድ ነበር። ቲቸር መሬት ላይ በጠመኔ እየሣለ፣ ሙክታር ብረት እየቆረጠ፣ ፍቅርተ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እየሰማች።

«ሦስት ክንፍ ብቻ?» አለ ሙክታር። «ቲቸር፣ ሰው ይስቅብናል። ሙሉ አድርገን እንዝጋው እንጂ፣ ነፋሱ በመሃል እያመለጠ ነው።»

«እንዲያመልጥ ነው የምፈልገው!»

«እንዲያመልጥ?»

ቲቸር ጠመኔውን ወረወረ። «ስማ! ነፋስ የሚሄድ አየር ነው። አየር ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ክብደት አለው። ክብደት ያለው ነገር ሲሮጥ ጉልበት ይይዛል። ክንፉ ያንን ጉልበት የሚወስደው ነፋሱን አዘግይቶ ነው። ፈጥኖ ይገባል፣ ደክሞ ይወጣል፤ ልዩነቱ የእኛ ነው። አሁን አንተ ሁሉንም ልውሰድ ብለህ ጨርሰህ ብታቆመው፣ የቆመው አየር የት ይሄዳል? እዚያው ተገትሮ መንገድ ይዘጋል። ከኋላው የሚመጣው መግቢያ ሲያጣ በጎን ዞሮ ያልፍሃል። ባዶ እጅህን ትቀራለህ! ስለዚህ ትወስዳለህ፣ ግን ለመሄጃው ትተውለታለህ። የመጨረሻው ጣሪያ ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ከዚያ በላይ የሚወስድ ክንፍ አልተሠራም፣ ወደፊትም አይሠራም። የእኛ ሠላሳ ካገኘ እሰየው ነው።»

«እንደ ደላላ ነዋ!» አለች ፍቅርተ። «ዓሣ አስጋሪውን አራግፎ የሚሰድ ደላላ በማግስቱ ጀልባ አይመጣለትም። ለመመለሻው ይተውለታል።»

«ደላላ አትበይኝ! ፊዚክስ ነው!» ብሎ ጮኸባት። በኋላ ግን ክፍል ውስጥ ደላላውን ሲያስተምርበት እንደሰሙ ተማሪዎቹ ነግረውኛል።

ሙክታር ክንፉ ለምን እንደተጣመመም ጠየቀ። «ነፋሱ እንደ በር ገፍቶ አይደለም የሚያዞረው» አለ ቲቸር፣ ሰማዩን እያሳየ። «አባ ኮዳን እያት። ክንፏን ሳታርገበግብ ትንሳፈፋለች። በጎበጠው ጀርባዋ ላይ አየሩ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ በሆዷ በኩል ይበረታል፤ ወደቀነሰበት ትነሳለች። የእኛም ክንፍ እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ምሰሶ ላይ ስላሰርነው መብረሩን ትቶ ይዞራል።» አዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው ብሎ ክንፎቹን አስረዘማቸው። ክንፉ እጥፍ ሲረዝም የሚጠርገው ክብ አራት እጥፍ ይሆናል አለ።

ከሁሉም በላይ አጥብቆ የነገራቸው ግን ይህን ነው፤ በኋላ ለሆነው ነገር ያስፈልጋልና እኔም ልድገመው። ነፋሱ እጥፍ ሲፈጥን ኃይሉ እጥፍ አይሆንም። በአንድ ጊዜ በክቡ ውስጥ የሚያልፈው አየር እጥፍ ይሆናል፤ እያንዳንዱ የአየር ጭብጥ የያዘው ጉልበት ደግሞ አራት እጥፍ። ሁለት ጊዜ አራት፣ ስምንት። ሲቀንስም እንደዚያው ነው። ግማሽ ነፋስ ማለት የኃይሉ ስምንተኛ ነው።

ወጪውን የሸፈነው አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ነበር። በምረቃው ቀን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሪባን ቆረጡ፣ ሰሌዳውም ተገለጠ። ቲቸር አነበበና እዚያው፣ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ «ተሳስቷል!» አለ።

ኃላፊው ፈገግ እያሉ፣ «ያው ነው እኮ መምህር። ሰው ይገባዋል» አሉት።

«ምን ይገባዋል?»

«ነፋስ እንዳለበት።»

ሙሉጌጥ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።

ያም ሆኖ ሠራ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ክንፎቹ ይዞራሉ፣ ባትሪዎቹ ይሞላሉ፣ ሌሊቱን ፍሪዘሩ ያጉረመርማል። ፍቅርተ ለአባ ኮዳዎቹ አንጀት ብቻ መስጠት ጀመረች። «ደንበኞቼ ተቀይመውኛል» ትል ነበር።

ከዚያ በረከት ሞተ።

በረከት የአቶ ላሚሶ የመጨረሻ ልጅ ነው። አቶ ላሚሶ በሐይቁ ላይ ያረጁ የተከበሩ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ውሃ ውስጥ የተወውን መረብ ሊያነሳ ብቻውን ወጣ። ነፋሱ በድንገት በረታና ማዕበሉ ጀልባውን ገለበጠው። በማግስቱ አገኙት።

ወሬው የተጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። አንዱ «ዘንድሮ ነፋሱ በዝቷል» አለ። ሌላው «ከመቼ ወዲህ?» አለ። ሦስተኛው «ያ ነገር ከተተከለ ወዲህ» አለ። አንድ ሰው ሊከራከር ሲሞክር፣ «ምን ትከራከራለህ? ማንበብ አትችልም? ስሙ ተጽፎበታል፣ ነፋስ ማመንጫ! መንግሥት ራሱ ጽፎታል!» አሉት። ሰውየው ማንበብ ስለሚችል ዝም አለ።

እኔ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። የተጻፈላቸውን ነው ያነበቡት። ልጅ የሞተበት ሰፈር ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ በነጭ ቀለም ተጽፎ ቆሞላቸዋል። «ያው ነው» ያሉት ኃላፊ በዚያ ሳምንት ለቅሶ እንኳ አልደረሱም።

ምሰሶው ይነቀል ተባለ። ሽማግሌዎች በሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ፍቅርተም መጣች፣ ኃላፊውም መጡ፣ ግማሹ ገበያ መጣ። አቶ ላሚሶ ከፊት ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ። ቲቸር እንዲናገር ተፈቀደለት። ሙሉጌጥ «ቀስ ብለህ» ስትለው ሰምቻለሁ።

ቀስ ብሎ ጀመረ። ክንፉ ነፋስ እንደማይሰጥ፣ ከነፋስ እንደሚወስድ ተናገረ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ ለምን እንዲያ ተብሎ ተጻፈ?» አለው። በቃ፣ ያቺ ፊደል! ደም ሥሩ ተገተረ።

«ነፋሱ ከየት ነው የመጣው?» ብሎ ጮኸ። «ከሐይቁ! ምሰሶው የት ነው ያለው? ዳር ላይ! ነፋሱ መጀመሪያ በረከትን ነው ያገኘው፣ ከዚያ ነው እዚህ የደረሰው! ልጁን የገለበጠው ነፋስ ነው መጥቶ ይህን ክንፍ ያዞረው! ክንፉ እንዴት አድርጎ…»

አልጨረሰም። አንዲት ሴት ጮኸች። አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ፣ «ሰማችሁ? አብረው ነው የሠሩት!» አለ። አቶ ላሚሶ ቀና ብለው ቲቸርን አዩት፤ ምንም አላሉም። ያለው ነገር እውነት ነበር። ማንም ግን ያንን እውነት በዚያ ቀን መስማት አልነበረበትም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ፍርድ ሰጡ። ምሰሶው አይነቀል፤ ሴትየዋ ዓሣዋ እንዳይበላሽ። የሟች ቤተሰብ ልብም ይረፍ፤ ነፋስ በሚነሳበት በከሰዓቱ ይታሰር። ጠዋት ይዙር፣ ከቀትር በኋላ ይታሰር። ግማሽ ለአንዱ፣ ግማሽ ለሌላው። ሰዉ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» አለ። ኃላፊው አጨበጨቡ።

«ጠዋት ነፋስ የለም!» አለ ቲቸር። ድምፁ ተሰባብሯል። «የጠዋቱ የከሰዓቱን ግማሽ ቢሆን እንኳ ኃይሉ ስምንተኛው ነው! ግማሹን የሰጣችሁን መስሏችሁ ነው? ምንም አልሰጣችሁንም!»

ትልቁ ሽማግሌ በትዕግሥት፣ «ልጄ፣ በእርቅ ላይ አንዱ ወገን ሁሉን አያገኝም» አሉት።

«ነፋስ እርቅ አያውቅም!»

«አንተም አታውቅም» አሉት፣ ሰዉም ሳቀ። ስብሰባው በዚያ አበቃ።

ከጭራው የሚወርድ ገመድ አለ። ሲሳብ ክንፎቹ ፊታቸውን ከነፋሱ ያዞራሉ፤ ለማዕበል ጊዜ ብሎ ቲቸር ራሱ ነው ያበጀው። ከፍርዱ በኋላ የገበያው ጠባቂ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ገመዱን ስቦ ከምሰሶው እግር ጋር ያስረው ጀመር። ነፋሱ ሲመጣ ክንፎቹ እንዳኮረፈ ሰው ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ። ጠዋት ሲፈቱ ደግሞ ሐይቁ መስታወት ነው፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ፍሪዘሩ ሣጥን ሆነ። አባ ኮዳዎቹ ተመለሱ።

ቲቸር ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየመጣ የታሰረው ክንፍ ሥር ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። አይጮኽም። ሲጮኽ ከምናውቀው ይልቅ ዝም ሲል አስፈራን። ፍቅርተ አንድ ሳህን ዓሣ ብታቀርብለት፣ «ይህን ለአሞሮቹ ስጪ፣ ለምደዋል» ብሎ ገፋው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔም ዓሣ ልገዛ ሄጄ ነበር። ነፋሱ በርትቶ የሸራውን ገመድ ያፏጨዋል። አቶ ላሚሶ በትከሻቸው መረብ ተሸክመው መጡ። ከቀብሩ ወዲህ መረብ ይዘው ወደ ሐይቁ ሲወርዱ የመጀመሪያቸው ነው። ቀጥ ብለው ወደ ምሰሶው ሄዱ።

«አስተማሪ» አሉት።

ቲቸር ብድግ አለ። «አቤት አባባ።»

«ያን ቀን አንድ ነገር ብለሃል። ልጄን የገለበጠው ነፋስ ነው ይህን ያዞረው ብለሃል።»

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌን…»

«ይቅርታ መቼ ጠየቅኩህ? ነገር ነው የምጠይቅህ። ያ ነፋስ ከየት መጣ?»

እሱ እኛን ስንት ዓመት የጠየቀንን ጥያቄ እሱን የጠየቀው ሰው አይቼ አላውቅም። ቲቸር ሲናገር ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ከፀሐይ ነው አባባ። ቀን ሲሆን መሬቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃው ይዘገያል። መሬቱ ላይ ያለው አየር ሲሞቅ ወደ ላይ ይነሳል። ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ሊሞላው ይመጣል። ከሰዓት ሲሆን ይበረታል። ማንም አልላከውም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«እዚህ ሲደርስስ? ይህ ነገር ምን ያደርገዋል?»

«ጉልበቱን ይነጥቀዋል። ከፊት በርትቶ ይገባል፣ ከኋላ ደክሞ ይወጣል። ቢዞር ኖሮ እዚያ ኋላ ቆመው ይሰማዎት ነበር። አሁን ግን ታስሯል።»

«ይነጥቀዋል?» አሉ አቶ ላሚሶ።

«ይነጥቀዋል።»

የአዛውንቱ ፊት ተለወጠ። መረቡን ከትከሻቸው ጣሉት። ወደ ሐይቁ ዞረው ነፋሱን ፊታቸው ላይ ተቀበሉት፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። እንዲያ ሲቆጡ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

«ልጄን የነጠቀኝ ነፋስ በዚህ በኩል ሲያልፍ፣ ማንም እንዳይነካው ነው ይህን ያሰራችሁለት? እንዲህ እንደጠገበ እንዲሄድ?»

ጠባቂው ፈራ ተባ እያለ፣ «አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ለእርስዎ ልብ ሲሉ እኮ ነው…» አለ።

«ለእኔ? እኔን ማን ጠየቀኝ? ያን ቀን ከእኔ አፍ የወጣ ቃል የሰማህ አለህ?» የመረብ መቁረጫ ቢላቸውን ከወገባቸው አወጡ። «አስተማሪ! ሁሉንም ውሰድበት።»

«ሁሉንም አይቻልም አባባ። ጨርሰው ካቆሙት ዞሮ ያልፋል። በጣም ቢበዛ ከመቶ ሃምሳ ዘጠኝ…»

«የቻልከውን ውሰድበት!»

ቢላውን ገመዱ ላይ አሳረፉ። ቲቸር ያን ጊዜ ወደ ድሮው ተመለሰ። «አባባ! ይፈታል እንጂ አይቆረጥም! ተወጥሯል፣ ዓይንዎን ያወጣዋል! ወደዚያ ይበሉ! አንተ ጠባቂ፣ ምን ቆመህ ታያለህ፣ ሳባቸው እንጂ!» ገመዱ እንደ ጅራፍ ጮኾ ተበጠሰ። ክንፎቹ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ፣ አንዴ ተንገራገጩ፣ ከዚያ ዞሩ። ፍቅርተ እጇ ላይ የነበረውን የተበላሸ ዓሣ እንደያዘች አለቀሰች፤ አንዱ አባ ኮዳ ከእጇ ቀምቷት ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ሰምተው ተቆጡ። ነገር ግን ያሰሩት በአቶ ላሚሶ ስም ስለነበር፣ አቶ ላሚሶ የቆረጡትን መልሶ የሚያስር አልተገኘም።

በማግስቱ ቲቸር ቀይ ቀለም ይዞ መጥቶ የሰሌዳውን «የ» በ«ከ» ደፈነው። ቀለሙ ቀጭን ስለነበር «የ» ከሥሩ አሁንም ይታያል፤ ተማሪዎቹም «ከየ… ከየት!» እያሉ ይስቁበታል። ጽሕፈት ቤቱ ንብረት አበላሽቷል ብሎ አስጠራው። እሱ ደግሞ «ኃይል» የሚለው ቃልም ጎድሏል፣ መቼ ትጨምራላችሁ ብሎ ጮኾባቸው ወጣ። እስካሁን አልጨመሩም። እስካሁንም እንደተናደደ ነው።

አቶ ላሚሶ ከሰዓት በኋላ እየመጡ መረባቸውን ይጠግናሉ። የሚቀመጡት ከምሰሶው ኋላ፣ በገበያው በኩል ነው። ለምን ሐይቁን እያዩ እንደማይቀመጡ ፍቅርተ ጠይቃቸው ነበር።

«እዚህ ሲደርስ ደክሞ ነው» አሏት፣ ከመረቡ ላይ ቀና ሳይሉ።